ባለዕቃው እስኪመጣ

ውድ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሰናበታቸው ታላቅ ወንድማችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላ ሰው ሕይወት ሲጽፉ ኖረው የራሳቸውን ግን «ምኑ ይጻፋል?» እያሉ ሳይጽፉት ስላለፉ፣ ይህን የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው በሚያውቀው መጠን አዘጋጅቶታል። ጉድለት ቢገኝበት፣ የጻፉት እርሳቸው አለመሆናቸው ይታሰብ።

ወንድማችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና በልብስ ንጽሕና ቤት ተኳሽ ከነበሩት እናታቸው፣ የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት፣ ከሰዓት መጠገኛው ሱቅ በስተጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ተወለዱ። አባታቸው ጠግነው ያዘጋጇቸውን፣ ነገር ግን ሰዎቹ ተመልሰው ያልወሰዷቸውን ሰዓቶች በግድግዳው ላይ ሰቅለው በየማለዳው አንድ በአንድ ይሞሏቸው ነበር። እናታቸው «አንተ ሰውዬ፣ ለማይመጣ ሰው ሰዓት ስትሞላ ያንተው ዕድሜ አለቀ እኮ!» ሲሏቸው፣ «መጥቶ ቆሞ ካገኘውስ?» ብለው ይመልሱ ነበር። ወንድማችንም ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ይህኛው የማን እንደሆነና ሰውየው ለምን እንደቀረ አባታቸውን ሲነዘንዙ፣ አባት ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው «እኔ ሰዓት እንጂ ሰው አልጠግንም፤ ራስህ አስብበት» አሏቸው። ራሳቸው አሰቡበት፤ እስከ ባለፈው ማክሰኞ ድረስም ሲያስቡበት ቆዩ።

በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ ማለት የዚህ ዓይነት ንባብ ልማድ ቢሆንም፣ እውነቱን ለመናገር መካከለኛ ነበሩ። የቋንቋ መምህራቸው ተማሪዎቹ የእረፍት ጊዜያቸውን እንዲገልጹ ባዘዙ ጊዜ፣ ወንድማችን መንገድ ላይ ወድቆ ያገኙትን የእጅ ጓንት ባለቤት የአንድ ቀን ውሎ ጽፈው አስረከቡ፤ መምህሩም በቀይ ቀለም «ጥሩ ነው፣ ግን ውሸት ነው» ብለው ከዐሥር ሦስት ሰጧቸው። ወንድማችን ያቺን ወረቀት እስከ ዕለተ ሞታቸው በኪሳቸው ይዘዋት ኖረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ከደረሱባቸው ሂሶች ሁሉ ለስለስ ያለው እርሱ ነበርና።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው በአውቶቡስ ድርጅት የጠፉ ዕቃዎች ክፍል በመዝገብ ያዥነት ተቀጥረው፣ ጡረታ እስኪወጡ ሠላሳ ሰባት ዓመት፣ ከደረጃው ሥር ባለችው፣ መስኮት በሌላትና የእርጥብ ጃንጥላ ሽታ በማይለያት ክፍል አገልግለዋል። ከባንኮኒው ፊት የሚቆመው ሰው ሁሉ አፉን የሚከፍተው «ጠፋብኝ» ብሎ ስለነበር፣ ሹፌሮቹ «ጋሼ ጠፋብኝ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ስሙም ከመሥሪያ ቤት ሰፈር፣ ከሰፈርም ቤት ገባ።

የሚጽፉትም እዚያው ነበር። አንድ ዕቃ ሲገባ በደንቡ መሠረት «ጫማ፣ ጥቁር፣ የግራ እግር ብቻ» ብለው ከመዘገቡ በኋላ፣ ጊዜው ባለፈበት የጉዞ ሠሌዳ ጀርባ ላይ የባለዕቃውን ሕይወት ይጀምራሉ፤ የሚነሡትም ሁልጊዜ ዕቃው ተበልቶ ካለቀበት ቦታ ነበር። ለእርሳቸው ጫፉ የታኘከ እርሳስ ሒሳብ የሚጠላ ልጅ፣ የውስጥ ኪሱ ብቻ ደጋግሞ የተጣፈ ኮት ደግሞ የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነበር። ሐሳቡ ከየት እንደሚመጣላቸው የሚጠይቋቸውን «ከሰባት ቁጥር አውቶቡስ፤ ብዙ የሚረሳበት እርሱ ነው» ይሏቸው ነበር። አንድ የማይታጠፍ ሕግ ግን ነበራቸው፦ ባለዕቃው መጥቶ ዕቃውን ከወሰደ፣ ታሪኩ ተጀምሮም ሆነ ተጨርሶ ይቀደዳል። «እውነተኛው ሰው ከመጣ የእኔ ምን ይሠራል?» ይሉ ነበር። ከጻፉት አብዛኛው የተቀደደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሚስታቸው ጋር ያገናኛቸውም ይኸው ሕግ ነው። በጊዜው ወጣት ልብስ ሰፊ የነበሩት ሚስታቸው የረሱትን ጃንጥላ ሊወስዱ መጥተው ሲፈርሙ፣ ወንድማችን ከመሳቢያቸው ዘጠኝ ወረቀት አውጥተው ፊታቸው ላይ ቀደዱት። «ምነው? ምን አጠፋሁ?» አሉ እርሳቸው ደንግጠው። «ጃንጥላው ሚስቱ የሞተችበት የአንድ ሽማግሌ ነበር፤ እርስዎ መጥተው ገደሉብኝ።» «ባውቅ ኖሮ በዝናቡ ተደብድቤ እቀር ነበር» አሉ እርሳቸውም። በዓመቱ ተጋቡ፤ ዛሬ ፋርማሲስት የሆነች አንዲት ሴት ልጅም አፈሩ።

በአርባ ሁለት ዓመታቸው፣ ባለዕቃ ካልመጣላቸው ታሪኮች ዐሥራ አንዱን መርጠው በመጽሐፍ አሳተሙ። አንድ ጋዜጣ ደራሲው ከቤት ወጣ እያሉ አየር ቢወስዱ መልካም እንደሚሆን መከረ፤ ከዚያ በቀር ስለ መጽሐፉ የጻፈ አልነበረም። ያልተሸጡት ቅጂዎች ዛሬም ከአልጋቸው ሥር አሉ።

የዛሬ ሃያ አራት ዓመት በሰባት ቁጥር አውቶቡስ አንዲት ቡናማ የቆዳ ሻንጣ ተገኘች። በውስጧ ስፒሎቹ ገና ያልተነቀሉ፣ ስፌቱ ያላለቀ ቀሚስ፣ አንድ የበር ቁልፍና ምንም ያልተጻፈባቸው ሰባት ፖስት ካርዶች ነበሩ። ሚስታቸው ቀሚሱን አገላብጠው አይተው «ይቺ ለደንበኛ የተሰፋች አይደለችም፤ ለደንበኛ ማንም እንዲህ አይለፋም» አሉ። ከዚህች ቃል ልብ ወለዱ ተጀመረ። ሦስት ወር ያልተጠየቀ ዕቃ እንዲወገድ ደንቡ ስለሚያዝ፣ ወንድማችን «በአደራ ወስጃለሁ» ብለው ፈርመው ሻንጣዋን ቤታቸው አስገቧት። በልብ ወለዱ ውስጥ ቀሚሱ የሞተች ልጅ ቀሚስ፣ ቁልፉ የማይመለሱበት ቤት ቁልፍ፣ ሰባቱ ካርዶችም ይቅርታ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሰባት ሰዎች ነበሩ። የልብ ወለዱ ባለሻንጣ ሴትዮም እንደ ቤተሰብ ሆነች። ሚስታቸው «ምሳ ቀርቧል፤ ሴትዮዋንም ይዘሃት ና!» ይሏቸው ነበር። ልጃቸው በሕፃንነቷ «አባዬ፣ ከእኔና ከሴትዮዋ ማንን ትወዳለህ?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «ቆይ፣ ይህን ምዕራፍ ልጨርስና እነግርሻለሁ» አሏት ይባላል። ሁለተኛ ቅጂም አልነበራቸውም፤ ባለዕቃዋ ብትመጣ ሁለት ጊዜ መቅደድ አልችልም ይሉ ነበር።

ከጡረታ በኋላ ኩላሊታቸው ታመመ። ሐኪማቸው የጀመሩት ነገር ካለ ቢጨርሱት እንደሚሻል ሲነግሯቸው፣ ሁለት ምዕራፍ ቀርቷቸው ነበር።

ባለዕቃዋ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ቤት ሲቀይሩ በአሮጌ ካፖርት ኪስ ያኔ ሻንጣቸው መጥፋቱን ለፖሊስ ያመለከቱበትን ወረቀት አግኝተው፣ «እስቲ ልሞክር» ብለው ወደ ድርጅቱ ሄዱ፤ ድርጅቱም፣ ወንድማችን የራሳቸው ስልክ ስላልነበራቸው በመዝገቡ ላይ ወደጻፉት ወደ ታናሽ ወንድማቸው ስልክ መራቸው። ታናሽ ወንድማቸውም «ፈልገን እንነግርዎታለን» ብሎ ስምንት ወር ሙሉ አፉን ያዘ። መጽሐፉ ሲያልቅ፣ ያለቀ መጽሐፍ ከሕጉ ያመለጠ መስሎት፣ በደስታ ብዛት «ጋሼ፣ እንኳንም ጨረሱ! ባለዕቃዋ እኮ ከመጡ ስምንት ወራቸው ነው» ብሎ ነገራቸው። በሰው ሕይወት ላይ ከዚህ የከፋ ደግነት መሥራት ይቻል እንደሆን አያውቅም።

ወንድማችን አልተቆጡም። ኮታቸውን አስመጥተው ከለበሱ በኋላ «ጥራልኝ» አሉ።

ሴትዮዋ መጡ፤ ሻንጣዋን ከፍተው ሳቁ። «ውይ፣ ይቺ ቀሚስ! ደንበኛዬ ወፍራ ቀረች እኮ!» አሉ። ቁልፉ የድሮ ጓዳ ቁልፍ፣ ካርዶቹም ለልጃቸው ሥዕል መለማመጃ የተገዙ ነበሩ። ወንድማችን «ስፒሎቹን ታዲያ ለምን አልነቀሏቸውም?» ብለው ጠየቁ። «ማን ጊዜ አለው ብለው ነው?» አሉ ሴትዮዋ። ወንድማችን ስድስት መቶ አርባ ገጽ ለመቅደድ እጃቸው አቅም ስላልነበረው፣ በጥቁር የጫማ ማሰሪያ የታሰረውን ጥራዝ አንሥተው «ይህም የሻንጣዋ ነው፤ ባለዕቃዋ እርስዎ ነዎት» ብለው አስረከቧቸው። ታናሽ ወንድማቸው ሊከለክል ቢነሣ «አንተ ስምንት ወር ዝም ብለሃል፤ አሁንም ዝም በል» አሉት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሚስታቸውና ልጃቸውም ዛሬ ገና ይሰሙታል፤ እንዲህ ያለ ንባብ መካከል ገብቶ የሚያቋርጥ ሰው የለምና። ታናሽ ወንድማቸው በሁለተኛው ሳምንት ጥራዙን ተውሶ ሊያስገለብጥ ወደ ሴትዮዋ ቢሄድ፣ «ወይኔ ልጄ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ረሳሁት መሰለኝ! ከበደኝና ወንበሩ ላይ አስቀምጬው ሻንጣዬን ብቻ ይዤ ወረድኩ» አሉት። ከደረጃው ሥር ወዳለችው ክፍል ሄዶ ቢጠይቅ፣ አሁን መዝገቡን የምትይዘው ሠራተኛ ገጾቹን አገላብጣ «አልገባም፤ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ጠራጊዎቹ ከቆሻሻው ጋር ነው የሚያወጡት» አለችው። በየሐሙሱ ተመላልሷል። ዕቃ የሚቆይበት ሦስት ወርም ባለፈው ሳምንት አልቋል።

ወንድማችን ግን ከሕመም አልጋቸው ሆነው በየቀኑ «የት ደረሰች?» እያሉ ይጠይቁት ነበር፤ ታናሽ ወንድማቸውም በሕይወቱ አንድ መስመር ልብ ወለድ ጽፎ የማያውቅ ሰው፣ ሴትዮዋ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ መሳቃቸውን፣ ሰባተኛው ላይ ሁለት ቀን ማንበብ ማቆማቸውን፣ ዐሥራ አንደኛውን ደግመው ማንበባቸውን ፈጥሮ ይነግራቸው ነበር። ወንድማችን አንድ ጊዜ ብቻ «መነጽር ታደርጋለች?» ብለው ጠየቁት፤ «አዎ» አላቸው። «ስትመጣ አላደረገችም ነበር» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በነጋታው ግን እንደገና «የት ደረሰች?» አሉ። ማክሰኞ ጠዋት «አንድ ምዕራፍ ቀርቷቸዋል» ተባሉ፤ ከቀትር በፊትም ዐረፉ።

ወንድማችን ሚስታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። መጽሐፋቸውን ትተው ሄደዋል ማለት ቢቻል ደግ ነበር፤ አልተቻለም። ከእናንተ መካከል በሰባት ቁጥር አውቶቡስ የሚሄድ ካለ ወንበሩን ይመልከት፤ የሚገኝ ግን አይመስለንም።

ነፍስ ባለቤቷ አንድ ነውና፣ እርሱ ያለ ቀጠሮና ያለ ወረቀት ይረከባት፤ እንደኛም «ፈልገን እንነግርዎታለን» አይበላት። አሜን።