ያለ ሞዴል የወጣ መድኃኒት

አቶ ዲበኩሉ ከለቅሶ ቤት ባዶ እጃቸውን ወጥተው አያውቁም። በአቶ መርዳሳ ሠልስት ዕለትም ከድንኳኑ ሲወጡ ጥቁር ፌስታል በብብታቸው ሸጉጠው ነበር። የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያንከባለለ መጥቶ ባርኔጣቸውን ሊነጥቃቸው ሲል በአንድ እጃቸው ያዙት። ቀና ሲሉ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጂቱ ከጃንጥላዋ ጋር እየታገለች ስትመጣ አዩ።

"አካም ኦልተን አባባ!" ብላ በኦሮምኛ እንዴት ዋሉ አለቻቸው።

"ነጋ፣ ሰላም ነው ልጄ። በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?"

"ቤት ለቤት ጉብኝት ላይ ነኝ። ፌስታሉን ላግዝዎት?"

"ቀላል ነው። የመርዳሳ መድኃኒት ነው። ባለቤቱ ስለ ነፍሱ ብላ ትናንት ጥቂት ሰጠችኝ፤ ዛሬ ደግሞ ቀሪውን።"

ጂቱ የሰማችውን ወሬ አሁን በዓይኗ አየችው። በዚያ ሰፈር ሰው ሲሞት ልብሱን ለድሃ፣ የተረፈውን መድኃኒት ደግሞ ለአቶ ዲበኩሉ መስጠት ልማድ ሆኗል። እሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት በድሮው ባቡር ጣቢያ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው የሠሩ፣ አንዲት ምስማር ሳይጎድልባቸው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መድኃኒቱን በትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ያስቀምጡታል። ውስጡን በካርቶን ከፋፍለው "ራስ"፣ "ሆድ"፣ "ሳል"፣ "ትኩሳት"፣ "ግፊት" ብለው ጽፈውበታል። ለአዋቂ አንድ ፍሬ፣ ለልጅ ግማሽ፣ ለሕፃን ሩብ ይሰጣሉ። የሽማግሌ በሽታ ግትር ነው ብለው ስለሚያምኑ ለሽማግሌ አንድ ተኩል። ሳንቲም አይቀበሉም፤ ምርቃት ይበቃቸዋል። የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ "ዶክተር" ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ሲሏቸው አይቆጡም።

ነገሩ የተጀመረው ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀዳለ ከአምስት ዓመት በፊት ያረፉ ጊዜ ነው። ከራስጌያቸው ጥቂት እንክብሎች ተርፈው ነበር። አቶ ዲበኩሉ መጣል አቃታቸው። አንድ ጎረቤት "ራሴን" እያለ ሲመጣ አንዷን ሰጡት፤ በነጋታው "ተሻለኝ" አላቸው። ያን ቀን ፀዳለ ሞታም ሰው ያዳነች መሰላቸው።

"አባባ፣ አይቆጡኝና" አለች ጂቱ እርምጃዋን ከእርምጃቸው ጋር እያስተካከለች፣ "ይህን መድኃኒት ለሰው ባይሰጡ ደስ ይለኛል።"

"ልጣለው? ስንት ሰው የሚያጣውን?"

"ለጤና ጣቢያው ያስረክቡት። የሚወገድበት ሥርዓት አለ።"

"የሚወገድበት!" አቶ ዲበኩሉ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መራራ ነበር። "እናንተ ጋ የመጣ ሰው ከጠዋት እስከ ቀትር ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ 'መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ' ይባላል። እኔ ጋ ሰልፍ የለም። 'የለም' የሚባል ነገርም የለም።"

"እሱስ እውነትዎን ነው" አለች ጂቱ። "ሰልፉ እኔንም ያሳፍረኛል። ግን የሰልፉ መፍትሔ የሟች መድኃኒት አይደለም። አባባ፣ የሕፃን ሰውነት የአዋቂ ሰውነት ሩብ አይደለም። ጉበቱም ኩላሊቱም ገና አልጠነከረም። ሽማግሌ ደግሞ ኩላሊቱ ስለሚደክም መድኃኒቱ ቶሎ አይወጣለትም። እርስዎ ለእሱ ጨምረው ይሰጡታል፤ ሐኪም ግን ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው ለእሱ ነው። ነፍሰ ጡርማ ጨርሶ የማትነካው መድኃኒት አለ።"

"ጥርስሽን ስትነቅዪ ያየሁሽ ልጅ ነሽ፤ ዛሬ ኩላሊት ታስተምሪኛለሽ።"

"ጥርሴንም እርስዎ ነበሩ በክር ያወለቁልኝ" አለች እየሳቀች። "ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ግምጃ ቤት ሳሉ አንድ መካኒክ መጥቶ 'ብሎን ስጡኝ' ቢልዎት ይሰጡት ነበር?"

"በሞዴል ሃያ ሁለት፣ በወጪ ቅጹ ነዋ! ያለ ወጪ ሞዴል እንኳን ብሎን ቡሽ አላወጣም። አንድ ጊዜ አለቃችን ራሱ መጥቶ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ።"

"ምን ነበረበት? ብሎን ብሎን ነው። ቢረዝም ቆርጦ ይጠቀምበት ነበር።"

"ብሎን አይቆረጥም! ለአንዱ ሞተር የተሠራ ለሌላው..." ብለው አቶ ዲበኩሉ ድንገት ቆሙ። ወዴት እየነዳቻቸው እንደሆነ ገባቸው። "ተንኮለኛ ነሽ። ሰው ሞተር አይደለም።"

"አይደለም። ሞተር ቢበላሽ ሌላ ይገዛል።"

አቶ ዲበኩሉ ግን አልተሸነፉም። ሰው ለብዙ ዓመት የተከበረበትን ነገር በአንድ ጥያቄ አይለቅም። ፌስታሉን ይበልጥ አጥብቀው ይዘው ወደ ቤታቸው አዘገሙ፤ ጂቱም አብራቸው።

በራቸው ላይ ጎረቤታቸው ሶፊ የሰባት ወር ልጇን ኪሩን ታቅፋ ትጠብቃቸዋለች።

"ጋሼ፣ ይስጥልኝ፤ ትኩሳቱ ወርዶለታል" አለች። "ግን ትናንት የሰጡኝን ሩብ ዛሬ ጠዋት ካዋጥኩት ወዲህ አልነቃም። ጡትም እምቢ አለኝ። ያቺን ሁለተኛዋን ሩብ ልስጠው ወይስ ትቆይ?"

ጂቱ ጃንጥላዋን መሬት ጣለች። የልጁን ልብስ ገልጣ ደረቱን እያየች በሰዓቷ ትንፋሹን ቆጠረች። ውስጥ እግሩን ቆነጠጠችው። ኪሩ ግንባሩን ብቻ ቋጠር አድርጎ ተኛ።

"አባባ፣ ምንድነው የሰጡት?"

"የትኩሳት።"

"ስሙ?"

አቶ ዲበኩሉ ገብተው ቆርቆሮውን ይዘው ወጡ። "ትኩሳት" በሚለው ክፍል ውስጥ ሦስት ዓይነት እንክብል ነበር፤ ሦስቱም ነጭ፣ ሦስቱም ክብ። በየክፍሉ በልክ እንዲገባላቸው ማሸጊያውን በመቀስ እየከረከሙ ስለሚያስቀምጡ ስሙም የሚያበቃበት ቀንም ከጠርዙ ጋር ተቆርጦ ተጥሏል።

"ይሄ ይመስለኛል፤ ትናንት ከመርዳሳ ቤት የመጣው" አሉ። ድምፃቸው ቀጠነ።

"አቶ መርዳሳ ትኩሳት ነበረባቸው?"

"ወገቡን ነበር የሚያመው። ሕመም የሚያስታግስ ትኩሳትም ያስታግሳል ብዬ..."

ሶፊ አንዴ ጂቱን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። ያን አስተያየት አቶ ዲበኩሉ ዕድሜ ልካቸውን አይረሱትም።

"እኛ ጤና ጣቢያ ቀድመን እንሂድ" አለች ጂቱ ባጃጅ እያስቆመች። "እርስዎ መርዳሳ ቤት ተመልሰው የሐኪም ማዘዣውን ይዘውልን ይድረሱ። ልጁ የዋጠውን ካወቅን ሕክምናው ይፈጥናል። ቆርቆሮውንም ያምጡት!"

አቶ ዲበኩሉ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ያን ቀን ግን ሮጡ። ባርኔጣቸውን ንፋስ ወሰደው፤ አላነሱትም። ማዘዣውን ከመርዳሳ ባለቤት ተቀብለው ሲወጡ አንድ የባጃጅ ሹፌር "ዶክተር፣ ወዴት ላድርስዎት?" አላቸው።

"ጤና ጣቢያ። ዛሬ እንደሱ ብለህ አትጥራኝ ልጄ።"

ነርሷ ማዘዣውን አንብባ ፊቷ ተለዋወጠ። ለከባድ ሕመም የሚታዘዝ ብርቱ ማስታገሻ ነበር፤ ሕፃን ከወሰደው ትንፋሹን ያዳክማል። ኪሩ ኦክስጅን ተደርጎለት ከእናቱ ጋር በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተላከ። ጂቱ የሶፊን ስልክ ቁጥር ይዛ ቀረች።

አቶ ዲበኩሉ ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከጎናቸው እናቶች ልጆቻቸውን ያስመዝናሉ፤ አንድ አዛውንት ክንዳቸውን ለግፊት መለኪያ ዘርግተዋል። እያንዳንዱ ካርድ አለው። በካርዱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የተሰጠው መድኃኒትና የሰጠው ሰው ፊርማ ሰፍሯል። አቶ ዲበኩሉ ካርዶቹን ሲያዩ የገዛ ግምጃ ቤታቸውን ያዩ መሰላቸው።

"ሠላሳ አንድ ዓመት" አሉ ጂቱ አጠገባቸው ስትቀመጥ፣ "ኦዲተር መጥቶ 'ይህን ዕቃ ለማን አወጣኸው?' ሲለኝ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። ዛሬ 'ምን ሰጡት' ስትዪኝ ግን አላወቅሁም። ከሰው ልጅ ይልቅ ለብሎን ተጠንቅቄ ኖሬያለሁ።"

"ክፉ አስበው አይደለም፤ አባባ።"

"ልጁ ደግ አሳቤን አልዋጠም። የዋጠው እንክብል ነው።"

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የጂቱ ስልክ ጮኸ። የሶፊ ድምፅ ከውስጡ ፈልቆ ወጣ። "አለቀሰ! ጂቱ፣ ኪሩ አለቀሰ! ጡቴን ይዟል!" ከኋላዋ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። አቶ ዲበኩሉ በሕይወታቸው ብዙ ለቅሶ ሰምተዋል፤ እንዲህ ያስደሰታቸው ግን የለም። ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ነጠላቸውን ከፊታቸው አውርደው "እንግዲህ በሬን ልዝጋ" አሉ።

"በጭራሽ!" አለች ጂቱ። "ሰው እርስዎ ጋ የሚመጣው እንክብሉን ብሎ ብቻ ይመስልዎታል? ስለሚያዳምጡት ነው። እኛ በሰልፉ መሀል የምናጣው እሱን ነው። በሩ ይከፈት፤ ቆርቆሮው ይዘጋ።"

"ከዚያስ?"

"በረንዳዎን በሳምንት አንድ ቀን ያውሱኝ። የአረጋውያኑን ግፊት እለካለሁ፤ የምግብ እጥረት እንዳለባቸው ለማየት የሕፃናቱን ክንድ እለካለሁ፤ ነፍሰ ጡሮቹን ቀጠሮ አስይዛለሁ። እርስዎ ይመዝግቡልኝ። የክትባት ቀኑ የደረሰውን፣ ክትትል ያቋረጠውን ቤቱ ድረስ ሄደው ይቀሰቅሱልኛል። እኔ ብሄድ 'ነገ' ይሉኛል። እርስዎን እምቢ የሚል የለም።"

አቶ ዲበኩሉ ከአግዳሚው ተነስተው ቆርቆሮውን ካርድ ከሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ አኖሩ።

"እሺ። ግን ያለ ሞዴል አላስረክብም።"

ጂቱ ከደብተሯ ወረቀት ቀዳ "ገቢ" ብላ ጻፈች። እንክብሎቹን እየቆጠሩ አስረከቡ። በመጨረሻ ከቆርቆሮው ጥግ በወረቀት የተጠቀለሉ ስድስት እንክብሎች አወጡ፤ ለማንም ሳይሰጧቸው የቀሩ ናቸው። 

"እነዚህን ለብቻ ጻፊልኝ። 'የወይዘሮ ፀዳለ' በዪ።"

ጻፈች። እሳቸው "አስረካቢ" ከሚለው ሥር፣ እሷ "ተረካቢ" ከሚለው ሥር ፈረሙ። በስተግርጌው ጂቱ አንድ መስመር ጨመረች፤ "አንድ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ባዶ፣ ለባለቤቱ ተመላሽ።"

ከዚያ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ የአቶ ዲበኩሉ በረንዳ ሰው አይጠፋበትም። ግፊት እንዳለባቸው የማያውቁ አዛውንቶች አውቀው መድኃኒታቸውን በስማቸውና በልካቸው ከጤና ጣቢያ ይወስዳሉ። አራት ነፍሰ ጡሮች ክትትል ጀምረዋል። የመንደሩ የጤና መድን አባላት በዝተዋል፤ 'ከውጭ ግዙ' የሚባሉትን መድኃኒቶች ዝርዝር አቶ ዲበኩሉ ራሳቸው መዝግበው ለጤና ጣቢያው ኃላፊ በፊርማ አድርሰዋል። ሰልፉ ገና አልጠፋም፤ ግን ማን መቼ እንደሚሄድ ቀጠሮ ስላለው አጥሯል። በቆርቆሮው ውስጥ የሕፃናቱ የክትባት ቀጠሮ በየወሩ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። ዘጠኝ ወር የሞላው ኪሩ ለኩፍኝ ክትባት ሊሄድ ሲል ሶፊ ወደ በረንዳው ይዛው መጣች፤ እሱም የቆርቆሮውን ክዳን ይዞ ካልነከስኩ አለ።

አቶ ዲበኩሉ ዛሬም ከለቅሶ ቤት ባዶ እጃቸውን አይወጡም። ፌስታሉን ይዘው የሚያቀኑት ግን በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። በመንገድ የባጃጅ ሹፌር "ዶክተር! ላድርስዎት?" ሲላቸው ይቆማሉ።

"ግምጃ ቤት ኃላፊ በለኝ" ይላሉ፣ የባጃጁ ወንበር ላይ እየተደላደሉ። "ንብረት ላስረክብ ነው።"