አውቃለሁ ባዩ ሣጥን

ደብረ ታቦር፣ ኢንተርኔት ቤት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፤ እማማ ደብሪቱ ከባለቤቱ ከጋሻነህ ጠረጴዛ ፊት፣ የልጅ ልጃቸው ውዳላት ጥግ ካለው ኮምፒውተር ላይ።

እማማ ደብሪቱ፦ እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ጎረቤቴ አትጠገብ ናት። ባጥር ወዲያ ለእህቷ ስታወራ ሰማሁ፤ «የጋሻነህ ኢንተርኔት እንደ ጌታው ነው፤ ሁሉን አውቃለሁ ይላል፣ የጠየቁትን አያመጣም» ትላለች።

ጋሻነህ፦ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች። የመሥመር ችግር ነው እማማ።

እማማ ደብሪቱ፦ የመሥመር ከሆነ ውዳላት የምዝገባውን ገጽ በስልኳ እንዴት ከፈተችው? የነርሶች ሥራ ምዝገባ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ስልኩ ደግሞ ያን ሁሉ ወረቀት አልቀበልም አላት። ሁለት ዓመት ሥራ ፈትታ የተቀመጠች ልጅ ናት።

ጋሻነህ፦ መች ጠፋኝ? ሣጥኑን ሁለቴ አጥፍቼ አበራሁት፤ ያጠራቀመውንም ጠርጌ ጣልኩ።

እማማ ደብሪቱ፦ የቱን ሣጥን?

ጋሻነህ፦ ይሄን፣ ፕሮክሲ የሚሉትን። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ወደ ውጭ የሚወጡት በሱ ነው። የገጹን ስም ይነግሩታል፤ እሱ ዲኤንኤስ ከሚባለው የስም መዝገብ አድራሻውን ጠይቆ ያመጣላቸዋል። አንዴ ያመጣውን ያስቀምጥና ሌላ ሰው ሲፈልገው ከጓዳው ያወጣል።

እማማ ደብሪቱ፦ እንደኔ ነዋ። የዚህ ሰፈር ሰው የማንንም ቤት ሲፈልግ እኔን አይደል የሚጠይቅ?

ጋሻነህ፦ እርስዎስ አይሳሳቱም።

እማማ ደብሪቱ፦ ተሳስቻለሁ እንጂ። የመምሬ መንበሩን ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ቤቱን አሳዪን አሉኝ፤ አሳየሁ። መምሬ ለካ ቤት ከቀየሩ ወር ሆኗቸዋል። ሽማግሌዎቹ ገብተው የማያውቁትን ሰው ልጅ ለመኑ።

ጋሻነህ፦ ከዚያስ?

እማማ ደብሪቱ፦ ሰውዬው እሺ አላቸዋ። ሠርጉን ለማፍረስ ስንት ደጅ ጠናን መሰለህ። አውቃለሁ ብዬ ሳልጠይቅ። ያንተስ ሣጥን የዚችን ገጽ አድራሻ ጠይቆ ነው የሚሄድ፣ ወይስ አውቃለሁ ብሎ?

ጋሻነህ፦ ጠይቆ ነው እንጂ… ቆይ። አምና ክረምት ዲኤንኤሱ አልመልስ እያለ ሲያስቸግረኝ፣ የጥቂት ገጾችን አድራሻ በእጄ ጽፌ ሰጥቼው ነበር። የተጻፈለትን ደግሞ አይጠይቅም፤ በዚያው ነው የሚሄድ።

እማማ ደብሪቱ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እስቲ የጻፍከውን እየው፣ ይቺ ገጽ አለችበት?

ጋሻነህ፦ አለች። ከነድሮ ቤቷ። ገጿ አድራሻ ቀይራ ኖሮ፣ ይሄ ሞኝ ሣጥን ባዶ ቤት ሲያንኳኳ ነው የዋለው። ይኸው ሰረዝኩት፤ አሁን ይጠይቅ። ውዳላት፣ እስቲ ሞክሪው።

እማማ ደብሪቱ፦ ተወው፣ ገብታለች። ፊቷ ላይ አየሁት።

ጋሻነህ፦ ገና አሥር ሰዓት ተኩል ነው፤ ትደርሳለች። እንግዲህ እማማ፣ አደራዎን፣ አትጠገብ ከጠየቀችዎ የመሥመር ችግር ነበር ይበሉልኝ።

እማማ ደብሪቱ፦ አይ ልጄ፣ ከነዚያ ሽማግሌዎች ወዲህ ሰው ያስያዘኝን አላወራም፤ አጣርቼ ነው። ያንተን ደግሞ እዚሁ ተቀምጬ አጣራሁት።