የታጠበው ጨው

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አፌን የሚያዘጋኝ ደወል የለም። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ጋሪ ላይ ብቀመጥም ማስተማሬን አልተውም። ባለቤቴ "ወንዳፈረው፣ ሰው ሳይጠይቅህ አትመልስ" እያለች ስትመክረኝ ኖራለች፤ አልሰማኋትም። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ግን ከሌሞ ወደ ሆሳዕና በሚሄድ የፈረስ ጋሪ ላይ ከእኔ የተሻለች አስተማሪ አጋጠመችኝ።

ተሳፋሪዎቹ ሦስት ነበርን። አንዷ ጎረቤቴ እማማ ትርፌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ በንጽሕናቸው የሚምልባቸው፣ በሞቃት ቀን እንኳ አንገታቸውን በሻርፕ የሚጠመጥሙ ባልቴት። ሌላዋ አቢጋኤል የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሰላምታ ተለዋወጥንና እማማን ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኋቸው።

"ልጄ ነህምያ ጋ ነው፣ መምህር" አሉኝ። "ብየዳ ቤቱ ሄጄ፣ ሚስትህን ወደ ጃጁራ፣ ወደ ወላጆቿ መልሳት ልለው ነው።"

ደነገጥኩ። ምራታቸው ጵርስቅላ ተማሪዬ ነበረች፤ ትጉ ልጅ ናት። "ምን አጠፋች?" አልኳቸው።

"ምን ያላጠፋችው አለ? እንሰት ስትፍቅ መሐል ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ እሷ ፀሐይ ላይ ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች። እንደ ወፍ ቆንጥራ እየበላች ትወፍራለች። ስታገባ መዘምር ነበረች፤ ዛሬ ድምጿ እንደ ጎረምሳ ጎርንኗል። ዓመት ሙሉ ታገስኩ፣ ጸለይኩላትም። ስንፍና ግን በጸሎት አይለቅም መሰለኝ።"

እኔም አላስችል ብሎኝ ጀመርኩ። ስለ ታይሮይድ ዕጢ፣ ስለ ሆርሞን፣ ስለ ሜታቦሊዝም ድልድዩን እስክንሻገር ድረስ ተናገርኩ። እማማ የፈረሱን ጭራ ሲያዩ ቆዩና "መምህር፣ ይሄን ለፈተና ያቆዩት" አሉኝ። ባለጋሪው ሳቀ፤ እኔም አፈርኩ።

አቢጋኤል ግን ቀስ ብላ ጠየቀች። "እማማ፣ የቤታችሁን ጨው የሚይዘው ማነው?"

"እኔ ነኛ፣ ማን እንደ እኔ ይይዘዋል? ከገበያ እንዳመጣሁት ሦስት ጊዜ አጥበዋለሁ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ከምድጃው በላይ አኖረዋለሁ። እናቴ ናት ያስተማረችኝ። ያኔ ከዳምቦያ ገበያ የምታመጣው ጨው ግማሹ አሸዋ ነበር።"

"የታሸገውንም ያጥቡታል?"

"የታሸገውንም። የማን እጅ እንደነካው በምን አውቃለሁ? ግማሹ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ይሂድ። የቀረው ንጹሕ ነው።"

ነርሷ አልሳቀችም። "እናትዎ ልክ ነበሩ" አለቻቸው። "አሸዋ ያለበት ጨው ይታጠባል። ዛሬ ግን በታሸገው ጨው ላይ አዮዲን የሚባል ማዕድን ይጨምሩበታል፤ የሚቀመጠውም ከጨው ቅንጣቱ ላይ ነው። ፀጉርዎን ቅቤ ተቀብተው ወዲያው ቢታጠቡት ቅቤው ይቆያል?"

"የት ይቆያል።"

"አዮዲኑም እንደዚያው ነው። የተረፈውን ደግሞ ፀሐዩና የምድጃው እንፋሎት ይወስደዋል።"

"ለመሆኑ ይሄ አዮዲንሽ ለሰው ምን ያህል ያስፈልገዋል?"

"ለዕድሜ ልክ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው።"

"ለአንድ ማንኪያ ነው ይሄ ሁሉ ወሬ?"

"ትንሽ ስለሆነ እኮ ነው ሲጠፋ የማይታወቀን። አንገታችን ውስጥ ያለችው ዕጢ የምትሠራው በእሱ ነው። እሷ ስትደክም የበላነው ምግብ ጉልበትና ሙቀት መሆኑ ይዘገያል። ሰውየው በፀሐይ ይበርደዋል፣ ሳይሠራ ይደክመዋል፣ ብዙ ሳይበላ ይከብዳል፣ ድምፁም ይጎረንናል።"

እኔ ከድልድዩ ወዲያ ያልኩትም ይኸው ነበር። ልዩነቱ እሷ ከእማማ ማጀት ገብታ መናገሯ ነው።

እማማ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። "እኔስ? ያንኑ ጨው ነው የምበላው። ሰባ ሊሞላኝ ነው፤ እንሰቱን ዛሬም የምፍቀው እኔ ነኝ።"

አቢጋኤል ወደ አንገታቸው አየች። "እማማ፣ ሻርፑን ይፈቱልኛል?" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ባለጋሪው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እማማ ሻርፑን ፈቱት። ሃያ ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ ያላየሁት የእንቁላል ያህል እንቅርት አንገታቸው ላይ ነበር።

"እናቴም ነበራት" አሉ። "ከውሃው ነው፣ ከዘር ነው ሲሉን ኖርን።" ከዚያ የነገሩ መጨረሻ የገባቸው መሰለኝ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "እንግዲያው ልጅቷን ያሳመምኳት እኔ ነኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው፤ ታማ ሳለች ሰነፍ ብዬ ሰደብኳት።"

አቢጋኤል እጃቸውን ያዘች። "ማንም አልነገረዎትም፣ እማማ። እኔም ሳትመረመር በሽታዋ ይህ ነው አልልም፤ ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ መድኃኒትም አለው።"

"እስከዚያው ጨው ላብዛላት?"

"አያብዙ፤ ግፊት ያመጣል። ልኩን ሳይለውጡ፣ ሳያጥቡ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይያዙት። ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት።"

ብየዳ ቤቱ ስንደርስ ነህምያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ። እናቱ ለምን እንደመጡ ሳያውቅ አልቀረም፤ ፊቱ ላይ ፍርሃት ነበር።

"ሚስትህን..." አሉና ቆም አሉ። "ሚስትህን ሰኞ ሐኪም ጋ እንወስዳታለን፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ዛሬ ማታ ግን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።"

ነህምያ ጎንበስ ብሎ የእናቱን ትከሻ ሳመ። እኔ ልናገር ያሰብኩት ነገር ነበረኝ፤ ተውኩት።

የጵርስቅላ ደም ተመረመረ፤ ዕጢዋ ደክማ ተገኘች፤ በየቀኑ የምትወስደው ኪኒን ታዘዘላት። በአንድ ሳምንት አልዳነችም። በሦስተኛው ወር ግን ጋቢው ሳጥን ገባ፤ በአምስተኛው እንሰቱን ከጠዋት እስከ ምሳ ሳትተኛ ፋቀች፤ ለፋሲካም ከመዘምራኑ ጋር ቆመች። አንድ ቤት ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ያዳነው ምርመራውና ኪኒኑ ነው፤ የነገ ልጆችን አእምሮና ጉልበት የሚጠብቀው ደግሞ ያው ሳይታጠብ ወጥ ውስጥ የሚገባው ጨው ነው። ሰው ሲለወጥብን ከመፍረዳችን በፊት ብናስመረምረው ከብዙ ጸጸት እንድናለን።

ሰሞኑን እማማ ትርፌን ገበያ አገኘኋቸው። ሐኪሙ እንቅርቱ የቆየ ስለሆነ ላይጠፋ እንደሚችል ነግሯቸዋል። አንገታቸው ግን ባዶ ነበር።

"ሻርፑስ?" አልኳቸው።

"ተውኩት፣ መምህር። ሴቶቹ አንገቴን ሲያዩ ምን ሆነሽ ነው ይሉኛል። እኔም 'ጨውሽን ታጥቢያለሽ ወይ?' ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።"