የሞተሩ ክብደትና የአቶ ቀለሙ መስፍ

ዓርብ ጠዋት አቶ ቀለሙ ሽንኩርት ሊገዙ በእስራኤሏ ከተማ በሐደራ ገበያ ሲገቡ የወንድማቸውን ልጅ ማሬን ድንገት አገኟት። ማሬ የሽንኩርት ሻጩን አስፈቅዳ በሚዛኑ አንድ ትንሽ ሞተር ትመዝናለች። አጠገቡ ደግሞ እሳቸው ባለፈው ሳምንት ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ መርጠው የሰጧት ትልቁ ሞተር ተቀምጧል። የአቶ ቀለሙ ልብ ወዲያው ጠረጠረ፤ ስጦታዬን ልትሸጠው ነው!

ማሬ በአየር ኃይል መካኒክነት አገልግላ ከወጣች ገና ወሯ ነው። ክረምቱን ሙሉ የሠራችው በሬዲዮ የሚመራ ትንሽ አውሮፕላን ዛሬ ሰንበት ሳይገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊበር ነው። ከወደቀ የክረምት ድካሟ ስንጥር ሆኖ ይቀራል።

«ልጄ፣ ሞተርም እንደ ሽንኩርት በኪሎ ይሸጥ ጀመር?»

«ሻሎም አጎቴ፣ እንዴት አደሩ? ልሸጠው አይደለም። የእርስዎ ሞተር ሰባት መቶ ግራም ነው፤ የኔ ማኖዓ፣ ይኸ ትንሹ ሞተር፣ አራት መቶ። አውሮፕላኑ ደግሞ ያለ ሞተር ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም።»

አቶ ቀለሙ ጎንደር ሳሉ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ብረትን በእጅና በጆሮ ያውቃሉ። ሁለቱን ሞተሮች አነሡና በጥፍራቸው መታ መታ አደረጓቸው።

«ትንሹ ቆርቆሮ ነው። ዋጋውስ?»

«የእርስዎን እጥፍ።»

«የሸጠልሽ ሰው አታለለሽ! በይ መልሽለት!»

እውነቱን ለመናገር አይፈረድባቸውም። እስራኤልን በረገጡ ሰሞን ብረት ነው ተብለው የገዙት አልጋ በሦስተኛው ቀን ከነሚስታቸው ጥሏቸዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ ቀላል ነገር ሁሉ ማታለያ ይመስላቸዋል።

«ትልቁ ጉልበት አለው፣ አልክድም» አለች ማሬ። «ግን ጉልበቱን ራሱን ለመሸከም ይጨርሰዋል። አፍንጫው ስለሚከብድ ለማመጣጠን ጭራው ላይ የእርሳስ ብረት መጨመር አለብኝ። ያን ሁሉ ክንፉ አይችለውም፤ ቢነሣም ሲያርፍ በኃይል መጥቶ ይሰበራል።»

«ሦስት መቶ ግራም ምን አላት? ይህን የነገረሽ ሞተሩን የሸጠልሽ ሰው ነው አይደል?»

ማሬ ትንሹን ሞተር ከሚዛኑ አወረደችና «አጎቴ፣ አዲስ አበባ ላይ መስፍዎን ለምን አስጣሉዎት?» አለች።

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። ብረት የሚቀጠቅጡበትን፣ ከአባታቸው የወረሱትን መስፍ ከጎንደር ተሸክመው አምጥተው ወደ እስራኤል በሚወስዳቸው አውሮፕላን ደጃፍ ላይ «ይህ አይገባም» ተብለዋል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ «ሸጠው በሉት» ሲሉ ኖረዋል።

«ሌቦች ስለሆኑ ነዋ!»

«ብዙ ሰው እንዲጭኑ ወንበሮቹንም እኮ ነቅለዋቸው ነበር። ወለሉ ላይ ተደራርበን አይደል የመጣነው? መስፉ ስንት ኪሎ ነበር?»

«አሥራ አራት ይሆናል።»

«እኔስ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ስንት ኪሎ እሆን ነበር? የተቀመጥሁትስ ማን ጭን ላይ ነበር?»

 አቶ ቀለሙ ጭናቸው ላይ ተኝታ የመጣችው ልጅ ትዝ አለቻቸው።

«አሥራ አራት» አሉ በመጨረሻ። ትልቁን ሞተር ከሚዛኑ አጠገብ አንሥተው በሽንኩርት ከረጢታቸው ከተቱት። «በይ ቤሴዴር፣ እሺ ብያለሁ፣ ትንሹን ግጠሚው።»

ከሰዓት በኋላ ነቬ ሐይም ሰፈር አጠገብ ካለው ሜዳ ትንሿ አውሮፕላን በአጭር ሩጫ ብድግ አለች። ነዳጇ በረከተ፤ ስታርፍም ሣሩ ላይ በቀስታ ተቀመጠች፤ አንድ እንጨት አልተሰነጠቀም። አቶ ቀለሙ አጠገባቸው የቆመውን የማያውቁትን ሰው ክንድ ያዝ አደረጉ።

«ዕቃ ስትገዛ ምን ያህል ይከብዳል አትበል፤ ምን ያነሣል በል» አሉት። «እኔ ይህችን ልጅ ያመጣሁ መስፌን ጥዬ ነው።»