የስም ዝርዝሩን ልዘለው ስል

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእማማ ጽጌ መጽሐፍ ቅዱስ ሳነብ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ካዛንቺስ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ሰፈራችን ለልማት ሊፈርስ ነው ሲባል፣ “ሳንበታተን አንብበሽ ጨርሺልኝ” አሉኝና ከሥራ መልስ ከኦሪት ጀምረን ስንገሰግስ ከረምን። በቃ፣ አንድ ቀን አዲስ ኪዳን ገባን። ገና ከመጀመሪያው ገጽ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሌን ወለደ ሲል ሰለቸኝና፣ “እማማ፣ ይሄ ስም ብቻ ነው፤ እንዝለለው?” አልኳቸው።

“ምን?” ብለው ከተጋደሙበት ቀና አሉ። “ስንት ወር አብረናቸው የከረምነውን ሰዎች ደጅ ልታስቀሪያቸው ነው? አንብቢ!”

አነበብኩ። አብርሃም ስል፣ “ያ ልጅ አጥቶ የኖረው!” ይላሉ። ያዕቆብ ስል፣ “ያ ተንኮለኛ!” ሩት ስል ግን እኔው ቀደምኳቸው፤ “ከአማቷ አልለይም ያለችው!” ብዬ ጮህኩ። ለካ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ! እኔ የተበጣጠሰ ተረት የመሰለኝ ሁሉ፣ ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ አንድ ልጅ ሲመጣ የኖረ ታሪክ ነው። ኢየሱስ የሚለው ስም ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እማማ እልልታቸውን አቀለጡት።

“ቀጥይ እንጂ!” አሉኝ።

“ቆይ እማማ፣” አልኳቸው፣ “አንዴ እንደገና ከአብርሃም ልጀምረው።”