ሌሊት የሚወርደው ውሃ

በደርግ ጊዜ ነው። ድርቁ አልለቅ ብሏል፤ የከተማው ሰፈራችን ታቦር በሰው ላይ ሰው ተጨምሮበታል፤ የምንቀዳበት ወንዝ ደግሞ ጠጠሩ ብቻ ቀርቷል። «የቱላ ገበሬዎች ከላይ ገድበውብናል» ተባለና የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ አንድ ባለጠመንጃ የአብዮት ጥበቃና የውሃ ኮሚቴ አባሉ እኔ ሄድን። እውነትም ገድበዋል። ሊቀመንበሩ «ይሄ አሻጥር ነው!» ብሎ ሲጮህ፣ ዛሬ ደም መፋሰሳችን ነው ብዬ ክንዱን ያዝኩት።

ዛፍ ሥር ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ በሲዳምኛ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ጎረምሳ ልጃቸው ተረጎመልን። «ቀን ለከብቶቻችን፣ ሌሊቱን ለእናንተ ብለን ነው የተካፈልነው። ሲመሽ እንለቀዋለን፣ ሊነጋጋ ሲል እንዘጋዋለን። አይደርሳችሁም እንዴ?»

ተያየን። «አባቴ፣ ከተማ እኮ ሰዓት እላፊ አለ። በሌሊት ባልዲ ይዞ የወጣ ይታሰራል» አልኳቸው።

ሽማግሌው ሳቁ። «ጣጣው ይሄ ብቻ ነው? እንግዲያው ጠዋቱን ውሰዱ፤ ከብቶቹ ከሰዓት ይጠጣሉ።»

እፎይ ብለን ስንመለስ ባለጠመንጃው «እኔማ ሌሊት ጥበቃ ላይ ሆኜ ሲወርድ እሰማው ነበር» አለ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?» ብሎ ሊቀመንበሩ አፈጠጠበት።

«ምን ላድርግ ጓድ፣ በሰዓት እላፊ ልሰረው?»