ባሕሩን የሚያበላው ማን ነው?

ሳናኤ ከባሕር ምርምር ጣቢያው ወጥታ ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ የአጎቷን የቶኩዞን ጀልባ ወደቡ ላይ አየችው። ማዳበሪያ ተጭኖበታል። ደሟ ፈላ።

«አጎቴ፣ ይህን ሁሉ ወዴት ሊወስዱት ነው?»

«ወደ ባሕሩ ነዋ! ኖሪዬ ገርጥቶ አላየሽም? ጥቁር መሆን የነበረበት ቅጠል የሽማግሌ ፀጉር መስሏል። እንዲህ ያለውን ማን ሩዝ ይጠቀልልበታል?»

ቶኩዞ በባሕር ላይ በተዘረጋ መረብ ኖሪ የተባለውን የሚበላ የባሕር አረም የሚያበቅሉት የወሽመጡ አምራቾች ሊቀ መንበር ናቸው። ዛሬ እሳቸው ከደፉ ነገ ሠላሳ ጀልባ ይከተላቸዋል።

«አምና ደፍተው ምን አተረፉ?»

«የራዲሽ ማሳዬን አበላለሁ፤ ባሕሩን ሳበላ ምን አንገበገበሽ?»

«ማሳ አጥር አለው! ባሕር ውስጥ ግን ቀድሞ የደረሰ ይበላል። ያን ማዳበሪያ የበላው ኖሪዎ ሳይሆን ቡናማው ደቃቅ አልጌ ነው። ጠግቦ ሞተ፤ ታች ወርዶ ሲበሰብስ የውሃውን አየር ጨረሰው። ጎረቤታችን ኢሶኤ ለገበያ የምታረባቸው ዛጎሎች ታፍነው አለቁ። እርስዎም እንደ ለቅሶ ደራሽ ሄደው አጽናንተዋታል!»

የሽማግሌው ፊት ቀላ። «ታዲያ ባሕሩ ምን ይብላ? ያንቺን ዲግሪ?»

«የራሱ አብሳዮች አሉት። ከአቧራ ያነሱ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አልጌ ሆድ ውስጥ ተጠልለው የአየሩን ናይትሮጅን ምግብ ያደርጉታል። ላስጠለላቸው ያካፍላሉ፤ እሱ ሲሞት ለሌላው ይተርፋል።»

«እነዚህ ጌቶች ካሉ የኔ ኖሪ ለምን ተራበ?»

«የሚያበስሉት ትንሽ ነዋ! ወንዙ ከሚያመጣው ጋር ለአባትዎ አርባ መረብ ይበቃ ነበር። እርስዎ መቶ ሃያ ዘረጉ። ለአርባ ሰው በቀረበ ገበታ መቶ ሃያ እንግዳ ጠርተው አብሳዩን ይሰድባሉ? እስቲ ይንገሩኝ፤ የገረጣው የትኛው መረብ ነው?»

ቶኩዞ ወደ ባሕሩ ዞረው መረቦቻቸውን ተመለከቱ። ሰው የመጽሐፉን እውነት ይከራከራል፤ ዓይኑ ያየውን ግን ወዴት ያደርገዋል?

«የመሀሉ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አዲስ ውሃ የሚያገኘው የዳሩ… እንደ ቀለም ጥቁር ነው።»

ከዚያ በኋላ አንዱን ከረጢት አንሥተው ወደ ምድር መለሱት። ሳናኤም ሌላውን ያዘች።

በማግሥቱ አምራቾቹን ሰበሰቡ። «መረባችንን እንቀንስ» አሉ። «ጥቂት ግን ጥቁር ኖሪ እናገኛለን፤ ማዳበሪያው ለማሳችን ይተርፋል፤ ዛጎሉም ይተነፍሳል።» ከዚያም ኢሶኤ ወደ ተቀመጠችበት ወደ ኋላው ዞሩ። «የኢሶኤን ዛጎሎች የገደልኩ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ኢሶኤ ከኋላ ተነሣች። እንባዋን አልጠረገችም።

«መጀመሪያ መረብህን አንሣ፣ ቶኩዞ። ይቅርታህን ከዚያ በኋላ እሰማለሁ።»

ቶኩዞ ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ጀልባቸው ወረዱ። ሠላሳውም ተከተሏቸው።